ከቤት ስወጣ የሚጥለኝ ሕመም

መጀመሪያ የከዳኝ ጭኔ ነው።

ያን ጊዜ ቡኒ ቀበቶ ነበርኩ፤ የጥቁር ቀበቶ ፈተና ደርሶብናል። አሠልጣኛችን ካፒቴን ዑስማን ልምምድ የሚያስጀምረን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዝቅ ብሎ መቆም። ኪባ ዳቺ ይባላል። የሌሎቹ ጭን ሲንቀጠቀጥ እኔ እራት ምን እንደምበላ አስብ ነበር። ያን ቀን «ተነሡ» አለ። ተነሡ። እኔ ቀረሁ። አላመመኝም። አልደነዘዘኝም። እግሬ ዝም ብሎ እንቢ አለ። ወለሉን በእጄ ገፍቼ ነው የቆምኩት።

ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ራንያ አይታኛለች። ራንያ የልምምድ ጓደኛዬ ናት፤ እንደኔው ቡኒ ቀበቶ፣ ለዚያው ፈተና የምትዘጋጅ። አየችኝና ፊቷን አዞረች። ለምን አዞረች? ብዬ ያዝኩባት። ከዚያ በኋላ የሆነብኝን ሁሉ በዚያች ጥያቄ ላይ ነው ስከምር የኖርኩት።

ይህን የምጽፈው ፊቷ ያለ ምክንያት ክብ ለሆነባት፣ ደረጃ መውጣት ላቃታት፣ ሐኪም «ምን እየወሰድሽ ነው?» ሲላት «ምንም» ብላ ምላ ላልታመነች ሴት ነው። እኔ ያቺ ሴት ነበርኩ።

ሰልማ እባላለሁ። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ሞቷል። እናቴ የጎንደር ሴት ናት። ተወልጄ ያደግኩት ካርቱም፣ ካላክላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ አልገፋሁም። ከእናቴ ጋር በአማርኛ፣ ከመንገዱ ጋር በዐረብኛ ስላደግኩ አማርኛዬ ቢያነክስ አትፍረዱብኝ። ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ ሱቅ ዐረቢ ገና ሰው ከሰው የሚተሻሽበት ገበያ በነበረ ጊዜ ነው።

ካራቴ የጀመርኩት በሐፍላ ምክንያት ነው። ሱቅ ዐረቢ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ማታ ወደ ካላክላ የሚሄደው ሚኒባስ፣ ሐፍላ የምንለው፣ ሲሞላ የማን እጅ የት እንዳለ አይታወቅም፤ እጃቸው የት እንዳለ የሚያውቁ ግን አሉ። አንዱን እጁን ያዝኩትና ጮህኩበት። ሰዉ የተቆጣው በእኔ ነው። «ሐበሺያ ናት» አለ አንዱ፣ ያ ብቻውን መልስ የሆነ ይመስል። በሳምንቱ ክለብ ተመዘገብኩ።

ካፒቴን ዑስማን ከቡጢው በፊት መጠርጠርን ነው ያስተማረን። ከኋላሽ ማን ቆሟል፣ በሩ ወዴት ነው፣ የሰውየው እጅ ባዶ ነው ወይስ ኪሱ ውስጥ። ራስን መከላከል ሦስት አራተኛው እሱ ነው ይላል። እኔ ትምህርቱን ወደድኩት። ከሚገባው በላይ ወደድኩት። ሳላየው የሚያልፈኝ እጅ አልነበረም፤ ቤቴ ውስጥ ካለው በቀር።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለልጃቸው ሊያዩኝ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሻይ ጠጡ፣ አዩኝ፣ ሄዱ። የአባቴ እህት ዐምቶ ነፊሳ ያሉትን ሰምታ መጣች፦ «የሐበሻዋ ልጅ መልኳ ደኅና ነው፤ ግን እንደ መጥረጊያ እንጨት ደርቃለች።» እኔ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም። እዚህ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ቤት ትዘጋለች፤ ትበላለች፣ ትቀባለች፣ ሥጋ ትይዛለች። ቀጭን ሙሽራ የእናቷን እጅ ታሳማለች። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም እንጂ።

ከጭኔ በኋላ ፊቴ መጣ። ጉንጬ ሞላ፤ አገጬ ጠፋ። መስተዋት ውስጥ የማየው ሰው ዘመዴ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ደስ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ዐምቶ ነፊሳ ጉንጬን ቆንጥጣ «አሁን ገና በት ሆንሽ፣ ሴት ልጅ» አለችኝ። እናቴም «ተመስገን፣ ሥጋ ጣል አደረግሽ» አለች። ሆዴና ትከሻዬ ወፈሩ፤ እጅና እግሬ ግን ቀጠኑ። ሆዴ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ወጣ፣ በጥፍር የተቧጨረ ይመስል። ትንሽ ነካ ያደረገኝ ነገር ሁሉ ያበልዘኝና ለሳምንታት አይለቅም። እንቅልፍ የለም። ረኃቡ ደግሞ ሌላ ነው፤ እራት በልቼ፣ እናቴ ማታ ማታ የምትሠራልኝን መዲዳ፣ ያንን የአብሽና የወተት ወፍራም አጥሚት፣ አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጥቼ እንኳ ቂጣ ፍለጋ እነሣ ነበር።

ካፒቴን ዑስማን ከልምምድ በኋላ አስቀረኝ።

«ምን እየወሰድሽ ነው?»

«ምንም።»

«ጂም የሚሄዱትን ወንዶች አውቃለሁ። ይህ ፊት ከዳቦ አይመጣም።»

«ወላሂ ምንም።»

«የሚወስድ ልጅ ጥቁር ቀበቶ ከእኔ አያገኝም። ይህን ዕወቂ።»

እንዳላመነኝ ገባኝ። እኔም መልሼ ጠረጠርኩት። ማን ነገረው? ውኃ የምጠጣበትን ኮዳ ምንጣፉ ላይ ስሆን የምትይዝልኝ ራንያ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታሸገ ውኃ ብቻ መጠጣት ጀመርኩ፤ ማሸጊያው ሲሰበር ድምፁን ካልሰማሁ አልጠጣም። ራንያ ታየኝ ነበር። «ያ በት፣ ውኃውን ልታገቢው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ክንዴ ላይ ያለውን ብልዝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማነው የሚመታሽ?»

«ማንም። ካራቴ ነው የምሠራው።»

«ባልሽ ነው?»

«ባል የለኝም።»

«ወንድምሽ?»

«ዶክተር፣ የሚመታኝ ሰው ቢኖር እዚህ የሚመጣው እሱ ነበር።»

አልሳቀም። ቫይታሚን አዘዘልኝ። አልገዛሁትም፤ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?

ከፈተናው በፊት ካፒቴን ዑስማን ሙዓስከር አዘጋጀ። ካምፕ ማለት ነው። የምንፈተን ሴቶች ኡምዱርማን አንድ የሴቶች ማደሪያ ውስጥ እያደርን፣ ጧትና ማታ እየሠራን፣ ተራ በተራ እያበሰልን ልንከርም ነው። እናቴ ልብሴን ስታጣጥፍ «እዚያ ማነው የሚያበላሽ?» አለችኝ። «እኛው» አልኳት። ፊቷ ጨለመ። ትናፍቀኛለች ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ቀን ደኅና ነበርኩ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ጧት መነሣት አቃተኝ። መጋጠሚያዬ ሁሉ የተቀጠቀጠ ይመስላል። ምግብ ሸተተኝ። ስቆም ዓይኔ ይጨልማል። ማታውን ፉሉን የቀቀለችው ማን ነበረች? ራንያ።

ራሷ ናት በአምጃድ ታክሲ ይዛኝ ካላክላ ድረስ የመጣችው። መንገዱን በሙሉ ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ይዛኛለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚንከባከብ እያልኩ አስባለሁ።

እናቴ መዲዳ ሠራች። ሁለት ኩባያ አጠጣችኝ። ተኛሁ። በማግሥቱ ተነሣሁ። እንደመነሣትም አይደል፣ ዘለልኩ። ራቤ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ እጅ እግሬን አፍታታሁ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ አልኩ። ካምፕ ስሄድ ታመምኩ። ቤቴ ስመጣ ዳንኩ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ? የካምፑ ምግብ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ያንን የሚጨምር ሰውም አለ።

ቢሆንም ተመለስኩ። ፈተናውን ለማንም አለቅም። ብስኩትና የታሸገ ውኃ ይዤ ሄድኩ፤ ከድስታቸው አልቀመስኩም። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ሆነ። ማቅለሽለሽ። ማዞር። የአጥንት ቁርጥማት። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሁሉም በተቀመጡበት ራንያ ፊት ቆምኩ።

«ምንድን ነው የምትሰጪኝ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለማን? ላንቺ?»

«ቤቴ ስሆን ደኅና ነኝ። አንቺ ያለሽበት ስሆን እታመማለሁ።»

ራንያ ቀስ ብላ አየችኝ። «ያ ሐበሺያ» አለች፣ እንደ ስድብ ሳይሆን ሁልጊዜ እንደምትጠራኝ፣ «መርዝ ባገኝ አንቺ ላይ አላባክነውም። አጎቶች አሉኝ።» አንዳንዶቹ ሳቁ። ራንያ ግን ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ሐኪም ቤት ሂጂ። ካንቺ ጋር የምፈተነው በእግርሽ ስትቆሚ ነው።»

አልሄድኩም። ፈተናው በማግሥቱ ነበር።

ስለ ፈተናው የማስታውሰው ጥቂት ነው። ነጭ ልብስ። ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች። ስሜ ተጠራ። ካታውን፣ ያጠናነውን ተከታታይ እንቅስቃሴ፣ ጀመርኩ። ዞርኩ። ጆሮዬ ጮኸ። ጣሪያው መጣ።

ከዚያ ድምፅ ብቻ። «ግፊቷ አይገኝም።» «ስኳሯን እዩ።» «ወርዷል።» «ሌላ ግሉኮስ።» ክንዴ ላይ መርፌ። ብርድ። የካፒቴን ዑስማን ድምፅ፣ «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ሲል። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። አልፈራሁም። ለመፍራት የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም።

ሙሉ በሙሉ ስነቃ አጠገቤ ዶክተር ኢሕሳን ተቀምጣለች። የሆርሞን ሐኪም ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ መነጽሯን በጣቷ እየገፋች የምታዳምጥ ሴት። ሆዴ ላይ ያለውን ሰንበር አይታለች። ከወንበር ላይ እጄን ሳላስደግፍ እንድነሣ ጠየቀችኝ፤ አልቻልኩም። የደም ምርመራው በእጇ ነው።

«ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን አለ» አለችኝ። «ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች፣ አድሬናል የሚባሉት፣ ያመርቱታል። ያለ እሱ ግፊትሽ አይቆምም፣ ስኳርሽ አይቆምም። አንቺ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ፊትሽ ግን የበዛበት ሰው ፊት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ለብዙ ጊዜ ከውጭ ሲገባልሽ ነበር ማለት ነው። ሰውነትሽ፣ ካመጡልኝ ምን አደከመኝ ብሎ የራሱን አቆመ። ከዚያ የውጭው ተቋረጠ። ምን ትወስጃለሽ?»

ያው ጥያቄ። ከአልጋው ላይ ልነሣባት ነበር።

«ምንም።»

«የቆዳ ማቅሊያ ክሬም?»

«አልቀባም።»

«የጉልበት መርፌ? የአስም መድኃኒት?»

«ምንም አልኩ እኮ። ማንም የሚያምነኝ የለም? እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።» ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የውኃውን ኮዳ። ፉሉን። ካምፕ ስሄድ መታመሜን፣ ቤት ስገባ መዳኔን፣ እንደገና ስሄድ እንደገና መታመሜን። ራንያን በስሟ ከሰስኩ።

ዶክተር ኢሕሳን እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ያየሽው ልክ ነው» አለች። «የፈረድሽው ግን በተቃራኒው ነው። ይህ ሕመም የሚጥልሽ የሚሰጥሽ ሰው ያለበት ቦታ አይደለም። የሚሰጥሽ ሰው የሌለበት ቦታ ነው።»

መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

«ቤት ማነው የሚያበላሽ?»

እናቴ ከበሩ ውጪ ናት። መዲዳ በቴርሞስ ይዛ መጥታ፣ ነርሷ እንዳታስገባ ከልክላት፣ ኮሪደሩ ላይ ቴርሞሱን ታቅፋ ቆማለች።

ዶክተሯ አስጠራቻት። «ኻላ፣ ይቀመጡ» አለቻትና በዐረብኛ ጠየቀቻት። እናቴ ማንሺያ ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ዘመኗን ፈጅታለች፤ የገበያና የማድ ቤት ዐረብኛ ትችላለች። ያን ቀን ግን አልሰማሁም ብላ ወደ እኔ ዞረች። ስለዚህ ተርጓሚ ሆንኩ። እናቴን የመረመርኳት እኔው ነኝ።

«እማ፣ መዲዳው ውስጥ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ምን አደርግበታለሁ። አብሽ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ስኳር።»

«ሌላስ?»

ቴርሞሱን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«እማ።»

«ቫይታሚን» አለች።

ከየት? ካላክላ ገበያ፣ ቅባትና ሽቱ ከምትሸጥ ሴት። ያለ ካርቶን፣ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ። ሴቲቱ ስም አውጥታለታለች፤ «ጎረቤት ይቅና» ትለዋለች። ይህን ስተረጉም ዶክተር ኢሕሳን ራሷን ነቀነቀች፤ ሰምታው ታውቃለች። እናቴን ቤት ልካ አስመጣችው። እናቴ ከመሐረቧ ጫፍ ፈትታ አወጣችው። ዶክተሯ አንዱን እንክብል ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ዴክሳሜታዞን። ጠንካራ የኮርቲዞን ዘር ነው፤ ለከባድ ሕመም ሐኪም የሚያዘው። እናቴ እየፈጨች፣ በማንኪያ ጀርባ፣ ማታ ማታ አጠጥታኛለች።

«ሥጋ እንዲይዝሽ ብዬ» አለች። «ሁሉም ለልጆቻቸው ይሰጣሉ። ነፊሳም ለልጇ ሰጥታለች፤ ይኸው ወልዳለች። ‹የሐበሻዋ ልጅ› ሲሉሽ፣ እናቷ አላወቀችበትም ሲሉ፣ እንዴት ልቻለው?» ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ደግሞ ስትታመሚ እኮ ጨመርኩልሽ። ሁለት አደረግኩት። በማግሥቱ አልተነሣሽም? በዓይኔ አላየሁም?»

አይታለች። እውነቷን ነው። እኔ መርዙ ካምፕ ነው ስል፣ እሷ መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ነው ስትል፣ ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነበር።

«ልጄን መረዝኩ በይኛ» አለችኝ።

አልተረጎምኩም። ዶክተሯም አልጠየቀችኝም።

ወደ ማገገሙ ልምጣ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚያደርገው መድኃኒቱን መወርወር ነው፤ እናቴም ያን ዕለት ማታ ላስቲኩን ሽንት ቤት ልትጨምረው ስትነሣ የከለከላት የዶክተር ኢሕሳን ቃል ነበር፦ «የጣላት መውሰዷ ብቻ አይደለም፤ በድንገት መቆሙ ነው። አሁንም አናቆመውም፤ ቀስ ብለን እናወርደዋለን።» ገበያ ያለውን ትታ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን፣ ለስላሳውን፣ በልክ አዘዘችልኝ፤ በየጥቂት ሳምንቱ ታወርደዋለች፣ ጧት ደሜን ትለካለች፣ ዕጢዬ ሥራ መጀመር አለመጀመሩን ታያለች። ትኩሳት ሲኖረኝ ወይም ሲያስመልሰኝ መጠኑን ራሴ እንድጨምር፣ እንክብሉ ካልረጋልኝ ደግሞ በሩጫ ሐኪም ቤት ሄጄ መርፌ እንድወጋ አስተማረችኝ። ኮርቲዞን ላይ ያለሁ ሰው መሆኔን የሚናገር ወረቀትም በቦርሳዬ አኖርኩ፤ ሐፍላ ውስጥ ብወድቅ የሚያነሣኝ ሰው እንዲያነብ። ከዚያ በፊት በሐፍላ ሰው እንዳይነካኝ ነበር የምማረው፤ እንዲያነሣኝ ተስፋ ማድረግን ግን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ሰውነቴ ከልቤ ቀድሞ ነው የዳነው። ቤት ገብቼ ከእናቴ እጅ አልበላም አልኩ። በግልጽ ነው ያልኳት፣ እኔ ነገር አልሸፋፍንም። ከሱቅ ገዝቼ እበላለሁ፣ ሻዬን ራሴ አፈላለሁ። ማድ ቤት ስገባ እጇን አያለሁ፤ ጓዳ ስትገባ እከተላለሁ፤ ሌሊት ድስት ሲንኳኳ እነቃለሁ። እሷ አንድም ቀን «እናትሽ ነኝ» ብላ አልተቆጣችም። ከሥራ ስትመለስ የማድ ቤቱን መጋረጃ አንሥታ በሩን ከፈተችና ስታበስል ጮክ ብላ መናገር ጀመረች። «ሽንኩርት ነው። ይህ ዘይት ነው። አሁን ጨው ጨመርኩ፣ እጄን አየሽው? ጨው ነው።» ለጎረቤት ሰው እብድ ትመስል ነበር። በየማታው እንዲህ ታደርጋለች፤ ሳህኑን ደጃፌ ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች። አንዳንዴ እበላለሁ፤ አንዳንዴ ለድመት እሰጣለሁ። ድመቷ እስክትድቦለቦል ድረስ ወፍራ ነበር።

አንድ ዓርብ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገበያ ስትወጣ ተከተልኳት። ልትገዛ ነው ብዬ፤ አልዋሽም። ያቺ ቅባት ሻጭ ሴት ዘንድ ሄዳ፣ ከመደብሩ ፊት ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። እንክብል ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በዚያ ስብርብር ዐረብኛዋ ታቆመዋለች፦ «በቲ፣ ልጄ፣ ይህን ሰጥቻት ሐኪም ቤት ገባች። ልትሞት ነበር። ቫይታሚን አይደለም።» ሻጯ መጀመሪያ ሳቀችባት፣ ቀጥሎ ሰደበቻት፣ በመጨረሻ ውኃ ደፋችባት። እናቴ ነጠላዋን ጨምቃ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለችና ቀጠለች። አንዲት ወጣት ላስቲኳን መልሳ አስቀመጠች። ሌላዋ «አሮጊቷ ሐበሺያ ቀንታ ነው» ብላ ገዝታ ሄደች። እናቴ ልትፈራ ይገባት ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቷ እንኳ ያኔ የታደሰ አልነበረም፣ ፖሊስ ቢጠራባት ማን ያድናታል? በሚቀጥለው ዓርብም ሄደች። እኔም ሄድኩ፤ በዚህኛው ልሰልላት አይደለም፤ ሻጯ የምትደፋው ውኃ የፈላ እንዳይሆን እጇን ለማየት ነው።

ያን ቀን ማታ የሰጠችኝን በላሁ። ጨው አንሶት ነበር።

ክለብ የተመለስኩት ዶክተር ኢሕሳን ስትፈቅድ ነው፤ ጀማሪዎቹ ጀርባ፣ ከወንበር ላይ መነሣትና መቀመጥ ብቻ እየተለማመድኩ። የተበላ ጡንቻ ከነልምምዱ እንኳ ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ፊቴ ግን ቀደም ብሎ እየሳሳ፣ አገጬ እየታየ መጣ፣ ሰንበሩም ከሐምራዊ ወደ ነጭ ደበዘዘ። ካፒቴን ዑስማን ቀርቦ «ጥያቄዬ ልክ ነበር፣ ሰውዋን ነው የተሳሳትኩት» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። ራንያ በዚያች ፈተና አልፋ ጥቁር ቀበቶዋን ታጥቃለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። እስክጨርስ አልጠበቀችኝም።

«ፉሌ ግን ጥሩ ነበር?»

«ጨዋማ ነበር።»

«በይ እንግዲህ ያላ፣ ተነሺ» አለችና ከወንበሩ እንድነሣ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩትም። እሷም አልመለሰችውም። በሦስተኛው ሙከራ ራሴ ተነሣሁ።

ጥቁር ቀበቶውን ያገኘሁት በሚቀጥለው ዙር ነው፤ ዶክተር ኢሕሳን እንክብሉን ጨርሶ ካቆመችልኝና የጧቱ ኮርቲዞል በራሱ ከቆመ በኋላ። በነፃ ፍልሚያው ፈታኞቹ ያቆሙልኝ ራንያን ነበር። ከንፈሬን ሰነጠቀችው፤ እኔም ጎኗን አገኘኋት። በሚቀጥሉት ቀናት ክንዴን እያገላበጥኩ አየሁት። ብልዙ እንደ ማንም ሰው ብልዝ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ። ከቀበቶው ይልቅ በዚህ ነው የተደሰትኩት።

ለዶክተር ኢሕሳን ምስጋናዬን በአፌ አልጨርሰውም፤ «ትዋሻለሽ» ሳትለኝ ሌላ ጥያቄ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ለካፒቴን ዑስማን፣ ከወለሉ አንሥቶ በእቅፉ መኪና ለጫነኝ። ለራንያ፣ ለትከሻዋ። ለእናቴም። ስለሰጠችኝ ነገር አይደለም፤ ካወቀች በኋላ ስለቆመችበት ቦታ ነው።

ፊትሽ ክብ ከሆነ፣ ጭንሽ ከከዳሽ፣ ብልዝሽ አልጠፋ ካለ፣ ሐኪም ጋ ሂጂና «ኮርቲዞን» የሚለውን ቃል አንቺው አንሺ። ምን ትወስጃለሽ ሲሉሽ የዋጥሽውን ብቻ አትቁጠሪ፤ የተቀባሽውን፣ የተወጋሽውን፣ ሰው ያበላሽንም ቁጠሪ። እየወሰድሽ ከነበረ ደግሞ በራስሽ እንዳታቆሚ፤ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ያ ነው። የሚወዱሽን ሰዎች ጠርጥሪ አልልሽም፤ እኔ ያንን ሞክሬው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጠይቂያቸው። ፊት ለፊት፣ በስሙ ጠርተሽ ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ እስኪጠየቁ ድረስ የደበቁት ነገር እንዳለ እንኳ አያውቁም።

እናት ሆነሽ ይህን የምታነቢ ካለሽ ደግሞ፣ ያ ላስቲክ አሁንም በገበያው ይሸጣል፤ ስሙን ይለውጡታል እንጂ ያው ነው። ልጅሽ ቀጭን ከሆነች ቀጭን ናት። ተያት።